ከጋቢው ሥር

መስከረም 24፣ ላሊበላ

ዝናቡ ሄዷል። ግቢው ደረቀ። ጠዋት ለድሮ ጋዜጣዬ ስለ ዘንድሮው ገብስ አንድ አጭር ዜና ጽፌ ላክሁ። ሃያ ሰባት ዓመት የሰሜን ወሎ ዘጋቢያቸው ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠይቁኝ እንዲህ ያለውን ብቻ ነው። ቅር አይለኝም።

ይማርሽ ጥልፏን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሁልጊዜ መስኮት ሥር። ደመና ሲመጣ እንኳ ተነስታ መብራት ታበራለች። ጨለማ አትወድም። ልጄ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ ሲጀምራት አሥራ አንድ ነበረች።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ጣላት። በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ጋቢውን አንስቼ ሸፈንኳት። ባንቺዓለም እጇን አስገብታ መርፌውን አስለቀቀቻት። የእናት እጅ... መርፌው የት እንዳለ ሳታይ ታውቃለች። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። ከዚያ እንቅልፍ።

ደብተሩ ላይ አሰፈርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ ርዝመት፣ ስትወድቅ ምን ትሠራ እንደነበር። አራተኛው ደብተር ነው። ስትነቃ ምን ተሰማሽ አልኳት። ያው የሁልጊዜው፦ «መጀመሪያ ጨለመብኝ።» እሱንም ጻፍኩ።

እራት ላይ ሳቀች። ደህና ቀን።

ጥቅምት 1

ነርሱ ይታገሱ ቤት ድረስ መጣ። መድኃኒቷን የሚሰጣት እሱ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሆስፒታል መድኃኒት ያልመለሰላቸውን እየመረመረ ነው አለ። ጥር ላይ ከውጭ ሐኪሞች መጥተው ከኛዎቹ ጋር ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ። ጥቂት ሰው ብቻ። ይማርሽ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቀይራለች፤ ጠበሉም ያልሄድንበት የለም። «ለእሷ ዓይነቱ ነው የመጡት» አለ።

ባንቺዓለም ወደ ይታገሱ ዞራ፣ «ጭንቅላቷን ሊከፍቱት ነው?»

ይማርሽ ከመስኮቱ ሥር ቀና ሳትል መለሰችላት። «ይክፈቱት እማዬ። ባለፈው የጠፋኝ መርፌ ምናልባት እዚያ ይሆናል።»

ይታገሱ ሳቀ። እናቷ አልሳቀችም። እኔ? ስለ አውሮፕላኑ አሰብኩ። በመንገድ መሄድ ዘንድሮ አያስተማምንም።

ጥቅምት 6፣ አዲስ አበባ

ዶክተር ኤልሳቤጥ ወጣት ናት። ቀስ ብላ ታወራለች፤ የገባን መሆኑን ፊታችን ላይ ታያለች። ያለችው ባጭሩ ይህ ነው። በሽታው ከአንጎል አንድ ቦታ ይነሳል፣ ከዚያ እንደ ሰደድ እሳት ይዛመታል። ሁሉም ከተቀጣጠለ በኋላ የሚያይ ሰው ከየት እንደተነሳ አያውቅም። መነሻው ከተገኘ፣ ቦታውም ቢወጣ የማይጎዳ ከሆነ፣ ይወጣል። ካልተገኘ አይነካም። «መነሻውን ሳናውቅ ቢላ አናነሳም» አለች።

አራቱን ደብተሮች ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ኮራሁ። እዚህ ላይ ለማን እዋሻለሁ? ኮራሁ።

ከዚያ ጥያቄዋ መጣ። ሲጀምራት የትኛው እጇ ነው ቀድሞ የሚደርቀው? ፊቷ ወደየት ይዞራል? ከንፈሯስ?

አላውቅም አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሰከንዱን ጽፈው፣ እጇን አላዩም ጋሼ?»

ምን ይባላል... ወደ ይማርሽ ዞረች። መጀመሪያ ምን ይሰማሻል?

«ይጨልማል።»

ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንድ ጊዜ?

«ባንድ ጊዜ። በር እንደሚዘጋ። ከዚያ በኋላ የለሁም።»

ዶክተሯ ከተባለው ሁሉ ይህንን ጽፋ አሰመረችበት።

ጥቅምት 9

ክፍሉ ገባን። ሹሩባዋን ፈትተው ጭንቅላቷን ሽቦ በሽቦ አደረጉት። እያንዳንዱን ሽቦ በማጣበቂያ። ግድግዳው ላይ ካሜራ አለ፤ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። በሽታው ሲመጣ ሽቦው የአንጎሏን ሞገድ፣ ካሜራው ሰውነቷን አብረው ይይዛሉ። እንዲመጣ ብለው መድኃኒቷን ቀነሱባት። አምስት ቀን ተሰጥቶናል፤ ከኛ ኋላ ወረፋ አለ። አስታማሚ አንድ ሰው ይፈቀዳል። እኔ ነኝ። ሲመጣ የምጫነው ቁልፍ ሰጡኝ።

መስታወት ጠየቀች። አይታ፣ «የመብራት ምሰሶ መስያለሁ» አለች።

ጥቅምት 12

ምንም የለም። አራት ቀን። አሥራ ሦስት ዓመት አትምጣ ያልነው ነገር፣ አሁን ና እያልን እንለምነዋለን። አይመጣም።

ጥቅምት 13

መጣ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ቁልፉን ተጫንኩ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ።

ነርሷ እየሮጠች ገብታ ከላይዋ ላይ ጋቢውን ገፈፈችው። «ምን አደረጉ?» አለችኝ።

ምን አደረግሁ?

ጥቅምት 14

ዶክተር ኤልሳቤጥ ፊልሙን አሳየችኝ። እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አየሁት።

ልጅቷ ተኝታለች። ዐይኗን ትከፍታለች። ወዲያው፣ ሦስት ሰከንድ አይሞላም፣ አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ይነሳል። ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ከራስ እስከ እግሯ ይሸፍናታል። ጠርዙን ከትራሱ ሥር ይወትፋል። አይቸኩልም፤ ልምድ ያለው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ጋቢ ነው። ሽማግሌው አጠገቡ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ስወትፍ ሽቦዎቹንም ነቅያቸዋለሁ። ሞገዱም አልተያዘም። በአምስት ቀን የመጣው እሱ አንዱ ነበር።

አልተቆጣችኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ለምን እንደምሸፍናት ጠየቀችኝ። ሰው እንዳያያት ነው አልኩ።

«ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ ብቻ።»

ይህን ስናገር ድምፄን ሰማሁት።

ከዚያ የኤምአርአይ ምስሉን አወጣች። ከግራ ጆሮዋ በላይ ወደ ውስጥ ትንሽ ጠባሳ አለ። መነሻው እሱ ከሆነ ሊወጣ የሚችል ነው። ግን ይማርሽ «መጀመሪያ ይጨልማል» ትላለች። የሚያየው የአንጎል ክፍል ደግሞ ከኋላ ነው፤ ከጠባሳው ሩቅ። «ምስሉ አንድ ቦታ ይላል፣ ልጅዎ ሌላ ቦታ ትላለች። ሁለቱ ካልተስማሙ አንነካትም።» ክፍሉ እንደገና የሚገኘው ከአራት ወር በኋላ ነው። የጥር ወር ቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር የሚወስነው ስብሰባ ኅዳር 30። የቀረው አንድ መንገድ፦ ቤት ውስጥ በስልክ መቅረጽ። ከመጀመሪያው ሰከንድ፣ ሙሉ ሰውነቷን፣ ሳይሸፈን።

«ሳይሸፈን» የሚለውን ደግማ አለችው።

ጥቅምት 21፣ ላሊበላ

ጋቢውን ከሚስማሩ አውርጄ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ባንቺዓለም ቆማ አየችኝ።

ነገርኳት። ፊልሙን አልነገርኳትም፤ ዶክተሯ ያዘዘችውን ብቻ።

የመጀመሪያውን ቀን አነሳችብኝ። ቅዳሜ ገበያ ነበር። ይማርሽ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ እንሥራ ሻጮቹ ጋ ወደቀች። ሰው ከበባት። ክብሪት ጭረው አፍንጫዋ ሥር ያዙ። አንዱ ልጁን አንስቶ ሸሸ፤ የሚተላለፍ መስሎት። ያኔ ጋቢዬን አውልቄ ሸፈንኳት። ሰዉ ተበተነ። ለካ ካልታየ ይበተናል... ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢው ሚስማሩ ላይ ነው።

«ሸፍነን እናሳድጋት ያልክ አንተ» አለች ባንቺዓለም። «አሁን ደግሞ ገልጠን ፎቶ እናንሳት ትላለህ።»

የሚስቴ ነገር ትክክል ነው። ዶክተሯም ትክክል ናት።

ኅዳር 3

ለገብሱ ዜና ሙጃ ከተማ ሄጄ ስመለስ ባንቺዓለም ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። መጥቶ ነበር። በነጠላዋ ሸፍናታለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አለ።

«እጄ ነው» አለችኝ። «እኔማ አውቄ ነበር። እጄ ቀደመኝ።»

አልተናገርኳትም። እኔ ልናገራት?

ኅዳር 10

ዛሬ እኔ ነበርኩ። ስልኩን በቀኝ እጄ ይዣለሁ። ግራው ወደ ሚስማሩ ሄደ። ባዶ ሚስማር ነካሁ። እስክመለስ ስልኩ የቀረጸው ወለሉን ነው። የምንጣፍ ፊልም።

ሃያ ቀን ቀረ።

ኅዳር 16

ቀረጽኩ።

አራት ሰዓት ከአምስት፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ። ጥልፏን አስቀመጠችና ቀና አለች። አንድ ነገር እንደምታዳምጥ። ስልኩን ከፈትኩ፤ ሁለት እጄን ስልኩ ላይ አጣበቅሁ። ባንቺዓለም እጆቿን ብብቷ ሥር ቀብራ ግድግዳ ተደግፋለች።

በሥርዓት ልጻፈው። ፊቷ አልተጨማደደም። አሥራ ሦስት ዓመት ከጋቢው ሥር የሚያስፈራ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። የለም። ልጄ ናት። ዐይኗ ክፍት ነው። ከንፈሯ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ይንቀሳቀሳል። ግራ እጇ የቀሚሷን ጠርዝ ይለቅማል፣ ይለቅማል... ጥልፍ እንደያዘች። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተጠማዘዘና ደረቀ። ቀኙ ነው። ዶክተሯ የጠየቀችኝ ይህን ነበር። ለአሥራ አራት ሰከንድ ያህል እኔን ታያለች። በርግጥ ታያለች። ከዚያ ሄደች፣ መንቀጥቀጡ መጣ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ።

ተኝታ ነቃች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አጥታ እጇን እያወዛወዘች ነበር። ስትመለስ መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«አባዬ፣ ዛሬ ለምን አልጨለመም?»

ወዲያው አልገባኝም። እውነቱን ልጻፍ፣ ወዲያው ገባኝ፤ እንዳይገባኝ ፈለግሁ። ምን ተሰማሽ ታዲያ? አልኳት። ከሆዷ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ጉሮሮዋ እንደወጣ ነገረችኝ። ሁልጊዜ አለ። ፍርሃት ይመስላት ነበር፤ ጨለማው ሊመጣ ስለሆነ የምትፈራ። ዛሬ ግን እሱ መጣ፣ ጨለማው ቀረ። መስኮቱ ነበር። እናቷ ነበረች። እኔ ስልክ ይዤ ነበርኩ።

«ጨለማው ምን ነበር ታዲያ?»

ዐይኔ ወደ ሚስማሩ ሄደ። ተከትላ አየችው።

«ጋቢው» አለች። አልጠየቀችም። ከዚያ፦ «አንተ አንተ ይሸት ነበር እኮ ጨለማው። አጠገቤ ስለሆንክ ነው እል ነበር።»

ባንቺዓለም ወጥታ ሄደች። ከጓሮ ስታለቅስ ሰማኋት።

ኅዳር 17

ደብተሮቹን ከፈትኩ። «መጀመሪያ ጨለመባት።» «ጨለመባት።» «እንደ ሁልጊዜው ጨለመባት።» በኔ እጅ ጽሑፍ፣ አራት ደብተር ሙሉ። ሐኪሞቹን ከጠባሳው አርቆ ወደ ኋላ የላካቸው ይህ ቃል ነው።

ፊልሙ ብቻውን አይበቃም። ቃሉ መታረም አለበት። ለዶክተር ኤልሳቤጥ ልደውል ስልኩን አነሳሁ... አስቀመጥኩ። በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። ጋዜጣ ላይ ስንሳሳት እርማት እናወጣለን፤ በትንሽ ሳጥን፣ ከገጹ ሥር። ስንቱን ጽፌያለሁ።

«ታማሚዋ በሚጥላት ጊዜ ፊቷ ይሸፈን ስለነበር...» ብዬ ጀመርኩ። ቀደድኩት። የድሮ አለቃዬ ጋሽ ኪዳን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ይጽፍ ነበር። «በማን?»

ኅዳር 18

ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። «መሸፈኗ ታውቋል።» «በቤተሰብ የመሸፈን ልማድ እንደነበር ተገለጸ።» ሃያ ሰባት ዓመት እያንዳንዱን ዜና «ተገለጸ» እያልኩ ዘጋሁ። የልጄን ፊት ግን አንድ ቀን አልገለጥኩም።

በማን? በማን?

ኅዳር 19

ጎረቤታችን ምስጋኑ አስጎብኚ ነው፤ ዛሬ እንግዶች ይዞ አዲስ አበባ በረረ። ፊልሙ ለኛ ኢንተርኔት ስለከበደ በሚሞሪ ካርድ እንዲወስድልኝ ተነጋግረን ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ካርዱስ?» አለኝ።

ደብዳቤው አልደረሰም አልኩት። በሚቀጥለው አውሮፕላን ይሻላል አልኩት።

«ካርዱን ብቻ ልውሰደው?»

ያለ ደብዳቤው አይሆንም አልኩ። ሄደ።

ኅዳር 20

ስልክም ኢንተርኔትም ጠፋ። አካባቢው በሙሉ ነው አሉ። ይመለሳል።

ኅዳር 22

ጨረስኩ። ግልባጩ ይህ ነው፦

«እርማት። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ደብተሮች ውስጥ ስለ ልጄ ስለ ይማርሽ 'መጀመሪያ ይጨልምባታል' ብዬ የመዘገብኩት ስህተት ነው። ጨለማው የበሽታው ምልክት አይደለም። በሚጥላት ጊዜ እኔ አባቷ ፊቷን በጋቢዬ እሸፍን ነበር። መጀመሪያ የሚሰማት ከሆዷ ወደ ጉሮሮዋ የሚወጣ ነገር ነው። ለተፈጠረው ስህተት ኃላፊው እኔ ነኝ። ሰውአገኝ።»

ሃምሳ ቃል አይሞላም። አምስት ቀን ወሰደብኝ። የሚወስደው ሰው የለም።

ኅዳር 25

ጭጋግ። አውሮፕላኑ ዞሮ ተመለሰ። ይታገሱ ለሥራ በመኪና ወልድያ ሊሄድ ነው፤ ካርዱንና እርማቱን የያዘውን ፖስታ ሰጠሁት። ከዚያ ሰው ፈልጎ ይልካል።

ኅዳር 29

ይታገሱ ተመለሰ። ጋሸና ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሦስት ቀን አድሯል። ምግብ ቤት ውስጥ ከሹፌሮች ጋር ወለል ላይ ተኝቶ። ፖስታውን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በላብ ለስልሷል።

«ይቅርታ ጋሼ» አለኝ። እሱ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ኅዳር 30

ስብሰባው ዛሬ ነው።

ታኅሣሥ 8

ስልክ ተመለሰ። ፖስታው ባለፈው ቅዳሜ ከአንዲት ተሳላሚ ጋር በአውሮፕላን ሄዶ ነበር። ዶክተር ኤልሳቤጥ ደወለች።

ፊልሙ ጥሩ ነው አለች። ቀኝ እጇ መድረቁ፣ ግራው መልቀሙ፣ ከሆዷ የሚነሳው፣ ቃል ማጣቷ... ሁሉም ጠባሳውን ያሳያል። ከግራ ጆሮዋ በላይ። ምስሉና ልጄ ተስማምተዋል። አሥራ ሦስት ዓመት የት እንደሆነ ያልታወቀው ነገር ቦታው ታወቀ።

ከዚያ የሚቀጥለው። ዝርዝሩ በቀኑ ተዘግቷል። ስድስት ሰው። ለመጪው ዓመት ስሟን አስገብታለች፤ ሐኪሞቹ ይምጡ አይምጡ ግን ማንም አያውቅም። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢደርስ...» ብላ አልጨረሰችውም። እርማቱን እንዳነበበችው ነገረችኝ። ስለሱ ሌላ ምንም አላለችም።

ታኅሣሥ 9

ለይማርሽ ነገርኳት። መንገዱ፣ ጭጋጉ፣ ስልኩ። ይህን ሁሉ ስደረድር ፊቴን እያየች ነበር።

«ምስጋኑ የሄደውስ ኅዳር 19 አይደል?»

አዎ አልኩ።

«ካርዱ ያኔ አልነበረም?»

ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ።

«ምን ነበር የቀረህ?»

«አንድ ቃል።»

ጥልፏን አስቀመጠች። እርማቱን አንብብልኝ አለች። ከግልባጩ አነበብኩላት። «እሸፍን ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች፤ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ መርፌዋን አንስታ ወደ መስኮቱ ዞረች። እስከ ማታ አላናገረችኝም። ባንቺዓለም ምግቤን አቅርባ ሄደች።

ታኅሣሥ 16

ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ መጥታ ቆመች። «ና፣ ውሰደኝ።»

ወዴት እንደሆነ አልነገረችኝም። ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። በዐለቱ ውስጥ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያሻግረው ጨለማ መተላለፊያ አፍ ላይ ቆመች። ልጅ ሳለች እየሮጠች የምትገባበት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ወዲህ በዓል ሲሆን እንኳ እኛ ስንገባ እሷ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ጨለማ ያመጣዋል ብላ ስለምታምን።

እጅሽን ልያዝ አልኳት። አይሆንም አለች። ኋላ ና፣ አትንካኝ። ገባች።

የራሴን እጅ አላየሁም። የሷን እግር ብቻ እሰማለሁ፤ መዳፏ ድንጋዩን ሲዳብስ እሰማለሁ። መሐል ላይ ቆመች። ትንፋሿን ሰማሁ። ቢጥላት? እዚህ? ምን አያለሁ? ከዚያ ሄደች።

ከወዲያ ማዶ ብርሃን ላይ ስደርስ ፊቷ እንባ በእንባ ነው።

«ጨለማ ብቻ ነው እኮ» አለችኝ። «ለካ ጨለማ ብቻ ነው።»

ጥር 18

ዛሬ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምናው ተጀመረ። ይማርሽ መስኮቱ ሥር ናት።

ጥር 23

ሁለት ጊዜ ጣላት፣ በአንድ ቀን። ከሁለተኛው ስትነቃ የእናቷ ስም ጠፋባት። ባንቺዓለም ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ይማርሽ እያየቻት ከንፈሯን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ዶክተሯ ነግራን ነበር፤ በቆየ ቁጥር ከዚያች ቦታ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

ስሟን ስታገኘው እናቷን ደጋግማ ጠራቻት፣ እንዳይጠፋት ያህል። ባንቺዓለም በየጥሪው «አቤት» አለች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ገበያ ወረድን፣ እኔና ይማርሽ። የጥልፍ ክር አልቆባት። ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ለብሻለሁ። ከሳጥን ያወጣሁት ዛሬ ነው፤ ስለብሰው አይታኛለች፣ ምንም አላለችም።

እንሥራ ሻጮቹ ጋ ስንደርስ ክንዴን ያዘች። «አባዬ፣ ሆዴ» አለች። አስቀመጥኳት፣ በጎኗ አስተኛኋት። ሰው ከበበ። አንዱ ክብሪት ያለው አለ። አንዱ ልጆቹን ዘወር በሉ አለ። ያው ቦታ፣ ያው ሰው ይመስል። እጄ ትከሻዬ ላይ ደርሶ የጋቢውን ጠርዝ ይዞ ነበር። ለቀቅሁት።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

«ይተዉት እማማ። አይሸፍኗት።»

«ኧረ ልጄ፣ ሰው እያያት እኮ ነው!»

«ይያት። እሷም ታያለች።»

ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ቆዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣጥፈው ጭንቅላቷ ሥር አደረጉላት። እኔ ፊቷ ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ግራ እጇ የቀሚሷን ጠርዝ ይለቅማል። ዐይኗ እኔ ላይ ነው። ከዐይኗ እስክትጠፋ፣ ከጠፋችም በኋላ፣ አልተነሳሁም።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። ቀን፣ ቦታ፣ ምን ስትሠራ እንደነበር ጻፍኩ። ርዝመት የሚለው ጋ ቆምኩ። ሰዓቴን አላየሁም። ባዶውን ተውኩት።

ፊቷን ሳይ ነበር።